ስሜትዎን ለጥበቃው ያስረክቡ

[ኢሎይሎ ከተማ፣ የቲያ ኮንሲንግ ቢስኮቾ መጋገሪያ። ቢስኮቾው ቅቤና ስኳር ተቀብቶ ዳግመኛ እሳት የሚገባ ደረቅ ዳቦ ነው። በሥራ አስኪያጁ ጠባብ ክፍል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ ወደ ማሸጊያው አዳራሽ የሚያሳይ ትልቅ መስታወት አለ። ኔስቶር የመጋገሪያው ባለቤት የቲያ ኮንሲንግ የወንድም ልጅና ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከማኒላ ሥልጠና ከተመለሰ ገና ሳምንቱ። ዳኖይ የማከፋፈያ መኪናው ሹፌር ነው። ቲያ አክስት ማለት ነው፤ ማኖንግና ማናንግ ደግሞ ታላቅ ወንድና ሴት በአክብሮት የሚጠሩባቸው ናቸው። ዕለቱ ዓርብ፣ የመክሰስ ሰዓት ሊደርስ ነው። ክርክሩ ጦፏል።]

ኔስቶር፦ አልገባህም! እኔ የምልህ አንድ ተራ ቀን ስንት እንደሚያስወጣኝ ነው። ገና ከበሩ ስገባ ለጥበቃው አንድ ፈገግታ። ምድጃው ጋ ስደርስ ለጋጋሪው ሚስት ወገብ ማዘን። ማሸጊያው ጋ ደግሞ የአንዷ ውሻ ወልዳ እንኳን ደስ ያለሽ ማለት። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ እኮ ባዶዬን ነኝ! ለራሴ የምትተርፍ አንዲት ስሜት የለችኝም።

ዳኖይ፦ ቁርስን ሳይጨምር ነው ሰር?

ኔስቶር፦ የምን ቁርስ? ስለ ስሜት ነው የማወራህ! ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቁጣ አለ። መኪናው ሲዘገይ የምቆጣው፣ ዱቄት አቅራቢው ሲዋሸኝ የምውጠው፣ አክስቴ ስትደውል ድምፄን የማለዝበው። ይኼ ሁሉ ወጪ ነው። ማታ ቤቴ ስገባ ለሚስቴ ምን ይተርፋታል?

ዳኖይ፦ ደመወዙ።

ኔስቶር፦ (አፍጥጦ ያየዋል) ዛሬ ጠዋት ለምን ፈገግ አልክብኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። አንተ ፈገግ ስትል እኔ መመለስ አለብኝ። ሳላስበው ወጪ አስወጣኸኝ ማለት ነው!

ዳኖይ፦ ኧረ ሰር፣ ፈገግ አላልኩም። ጥርሴ ነው። ከከንፈሬ ወጣ ይላል። ሕፃን ሆኜ ሳለቅስ እንኳ እናቴ "እየሳቀ ነው" ብላ ትታኝ ገበያ ትሄድ ነበር።

ኔስቶር፦ በሥራ ሰዓት ሸፍነው።

ዳኖይ፦ (ከንፈሩን ጎትቶ ጥርሱን ለመሸፈን ይታገላል) እፍ... እፍፍ... ሰር፣ እንዲህ ሆኜ መንዳት አልችልም። ትንፋሽ ያጥረኛል።

ኔስቶር፦ ተወው፣ ተወው። ተቀመጥ። ማኒላ የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። አሠልጣኙ ሲገባ "እንደምን አደራችሁ" እንኳን አላለም። ቀጥታ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ስሜቱን በር ላይ ትቶ ይገባል።" አዳራሹ በሙሉ ፀጥ!

ዳኖይ፦ ተከፍተው ነው? ሰላም ስላላላቸው?

ኔስቶር፦ ተመስጠው ነው!

ዳኖይ፦ እሺ ሰር። በር ላይ ሲባል እንግዲህ ጥበቃው ማኖንግ ኢፔ ጋ ማለት ነው? እሳቸው እኮ የሁላችንንም ጃንጥላ እያስቀመጡ ቦታ የላቸውም።

ኔስቶር፦ ስለ ጃንጥላ አላወራሁም!

ዳኖይ፦ ምልክት ካላደረጉበት ደግሞ ይቀላቀላል። ባለፈው የጋጋሪውን ጃንጥላ ተሳስቼ ይዤ ሄጄ ስንት ቀን ተኮራረፍን። አሁን ደግሞ የሱን ንዴት ይዤ ቤቴ ብገባ ሚስቴ ምን ትላለች?

ኔስቶር፦ ለምሳሌ ነው የተባለው፣ ለምሳሌ! ሥራ የሚመራው በስሌት ነው ለማለት ነው። እዚህ ቤት የበዛው ምንድን ነው? ስሜት። አንዱ ያለቅሳል፣ አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዱ ይቀልዳል። ሰኞ ስብሰባ ጠርቼ ሁሉንም ከለከልኩ። (ወደ መስታወቱ እየጠቆመ) ይኸው ለውጡን ተመልከት! የሚስቅ የለ፣ የሚዘፍን የለ። ዘመናዊ አሠራር ማለት ይኼ ነው።

ዳኖይ፦ እኔማ ሰው የሞተ መስሎኝ ረቡዕ ለታ ጥቁር ካናቴራ ለብሼ መጣሁ።

ኔስቶር፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ለማንኛውም የጠራሁህ ለሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ ሰው ከሥራ ሳይወጣ አሻጊዋን ማናንግ ቼዲንግን ከነዕቃቸው ቤታቸው ታደርሳቸዋለህ።

ዳኖይ፦ ምነው፣ አመማቸው?

ኔስቶር፦ አይደለም። ተሰናብተዋል።

ዳኖይ፦ ማንን ተሰናበቱ?

ኔስቶር፦ እኛ አሰናበትናቸው!

ዳኖይ፦ (በመስታወቱ እያየ) ኧረ ሰር፣ እነሆ ቁጭ ብለው እያሸጉ ነው።

ኔስቶር፦ ገና አልሰሙም።

ዳኖይ፦ (ፊቱ ይለወጣል) ማናንግ ቼዲንግ? ቲያ ኮንሲንግ ይሄን ቤት በአንዲት ምድጃ ሲከፍቱ አብረው የነበሩት ማናንግ ቼዲንግ? ልጃቸው ነርስ ልትሆን አንድ ዓመት የቀራት? ደግሞስ በዚህ ዕድሜያቸው ማን ይቀጥራቸዋል?

ኔስቶር፦ አየህ! አየህ! ልጅ፣ ዕድሜ፣ የድሮ ነገር። የዘረዘርከው ሁሉ ስሜት ነው።

ዳኖይ፦ የልጅቷ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን ስሜት አይደለም ሰር። ቀኑን ጠብቆ ነው የሚመጣው።

ኔስቶር፦ እጃቸው ዘግይቷል። አዲሶቹ ልጆች አንድ ካርቶን ሲሞሉ እሳቸው ገና ግማሹ ላይ ናቸው። ስሌት ነው፣ አለቀ።

ዳኖይ፦ ቲያ ኮንሲንግ ያውቃሉ?

ኔስቶር፦ አክስቴ ባኮሎድ ከተማ ናት፣ ልጇ ወልዳ አራስ እየጠየቀች። ብነግራት ታለቅሳለች። እሷ ስታለቅስ ደግሞ እኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ስለዚህ ሳትመለስ፣ ዛሬውኑ። ይኼ ቤት እኮ ከስሮ የነበረው በእሷ ስሜት ነው። ጎርፉ የመጣ ጊዜ ምን አደረገች? ለገና የተጋገረውን ሁሉ ለሰፈሩ አደለችው! እያለቀሰች!

ዳኖይ፦ አስታውሳለሁ፤ እኔ ነኝ በታንኳ ያደልኩት። በማግሥቱ ምድጃዎቹን ከጭቃ ያወጣው ታዲያ ሰፈሩ አይደል? "ስንት ትከፍሉናላችሁ" ያለ ሰው ነበር እንዴ?

ኔስቶር፦ እሱ... እሱ ስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ዳኖይ፦ ጭቃው ነው ወይስ ሰዎቹ?

ኔስቶር፦ ርዕስ አታስለውጠኝ! ማናንግ ቼዲንግን ታደርሳለህ፣ በቃ።

ዳኖይ፦ እሺ እንግዲህ። እርስዎ ይነግሯቸውና እኔ መኪናዬን አስነሥቼ እጠብቃለሁ።

ኔስቶር፦ የምትነግራቸው አንተ ነህ።

ዳኖይ፦ እኔ?! እኔ እኮ ሹፌር ነኝ!

ኔስቶር፦ ለዚህ ነዋ። ከዚህ ወደዚያ ማድረስ አይደለም ሥራህ? ይኼንንም አድርስ።

ዳኖይ፦ አለቅሳለሁ ሰር። ማልቀስ ደግሞ ሰኞ ተከልክሏል።

ኔስቶር፦ ስለዚህ እንለማመዳለን። ማኒላም እንዲህ ነበር ያደረግነው። አንተ ራስህን ሁን፤ እኔ ማናንግ ቼዲንግን እሆናለሁ። (ቁጭ ብሎ እስክሪብቶዎችን በፖስታ ውስጥ ማሸግ ይጀምራል) ጀምር።

ዳኖይ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ማናንግ ቼዲንግ... መኪናው ዝግጁ ነው።

ኔስቶር፦ (እንደ ማናንግ ቼዲንግ) ወዴት ነው የምንሄደው ልጄ?

ዳኖይ፦ ወደ ቤትዎ።

ኔስቶር፦ በዚህ ሰዓት? ለምን?

ዳኖይ፦ ስለ እጅዎ ነው። እጅዎ ዘግይቷል ተባለ። (ያስባል፣ ፊቱ ይበራል) የተባረረው ግን እጅዎ ብቻ ነው! እርስዎ ይቆያሉ!

ኔስቶር፦ (ብድግ ብሎ) እጅ ብቻውን ይባረራል እንዴ!

ዳኖይ፦ ልቤ ሙሉውን ማባረር እምቢ አለኝ ሰር። በግማሽ ብንጀምርስ?

ኔስቶር፦ ተነሥ። እኔ ላሳይህ። አሁን ማናንግ ቼዲንግ አንተ ነህ። ተመልከተኝ፤ ፊቴ ላይ ምንም ነገር አታይም። እንደ ግድግዳ።

[ዳኖይ መሐረቡን ራሱ ላይ አስሮ ይቀመጣል፤ እስክሪብቶዎቹን ቀስ እያለ ያሽጋል። ኔስቶር ከበሩ ወጥቶ እንደገና ይገባል።]

ኔስቶር፦ (ድምፁን አወፍሮ) ማናንግ ቼዲንግ፣ ድርጅቱ...

ዳኖይ፦ (ቀጭን ድምፅ አውጥቶ) መጣህ ልጄ? ና፣ ና እንብላ!

ኔስቶር፦ (ይደነግጣል) ቁም። እንደዚህ አይሉም።

ዳኖይ፦ የሳቸው ሰላምታ ይሄው አይደል እንዴ? ሰው ሲያልፍ እያዩ "እንብላ" ሳይሉ ጎርሰው ያውቃሉ?

ኔስቶር፦ ...እሺ ቀጥል። ማናንግ ቼዲንግ፣ ድርጅቱ ባደረገው ግምገማ መሠረት...

ዳኖይ፦ ግምገማውን በኋላ ትነግረኛለህ። ከሳህ እኮ! ሚስትህ አታበላህም? ኢቦስ ይዣለሁ፤ ሩዙን ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ነው በኮኮናት ወተት የቀቀልኩት። ማንጎም አለ። (የጠረጴዛውን ላጲስ እያቀረበለት) እንካ፣ ያዝ።

ኔስቶር፦ ጠግቤያለሁ ማናንግ።

ዳኖይ፦ እንዴት ትጠግባለህ? ፊትህን ላየው ሰው ያስታውቃል። በሞቴ።

ኔስቶር፦ ኧረ እውነቴን ነው...

ዳኖይ፦ በሞቴ አልኩህ! የምትወዳትን ጫፏን ነው ያስቀረሁልህ።

ኔስቶር፦ (ለስለስ ብሎ) እንግዲያውስ አንዲት ብቻ... (ላጲሱን ወደ አፉ ያስጠጋል፤ ድንገት ይነቃል፤ ይወረውረዋል) አቁም! አቁም አልኩህ! እንደዚህ አይሉም! ድሮ ነው እንደዚህ የሚሉት!

ዳኖይ፦ (በራሱ ድምፅ) አሁንስ?

ኔስቶር፦ አሁን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የሚበሉት!

[ማራገቢያው ይንቋቋል።]

ኔስቶር፦ ሰኞ በመክሰስ ሰዓት አለፍኩ፤ ዝም። ማክሰኞ አለፍኩ፤ ዝም። አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ቁልፌን ጣልኩ። አንሥተው ሰጡኝና ወደ ኢቦሳቸው ተመለሱ! ረቡዕ ጭራሽ ጀርባቸውን አዞሩ። "እንብላ" አላሉኝም ዳኖይ! እዚህ አገር እኮ ለማያውቁት መንገደኛ እንኳን "እንብላ" ይባላል! ጂፕኒ ላይ ከጎንህ የተሳፈረ ሰው ኦቾሎኒ ሲፈታ መጀመሪያ ወዳንተ ዘርጋ ያደርጋል! እኔ ከመንገደኛ አነስኩ?

ዳኖይ፦ ሰር... ርቦዎት ነው?

ኔስቶር፦ አልራበኝም! ሾርባ ቤቱ ማዶ ነው፤ ባሻኝ ሰዓት ተሻግሬ መብላት እችላለሁ!

ዳኖይ፦ ተሻግረው በሉ?

ኔስቶር፦ ...አላሰኘኝም።

ዳኖይ፦ እኛ ቤት ልጄ እንዲህ ሲሆን ኩርፊያ ነው የምንለው።

ኔስቶር፦ ኩርፊያ አይደለም! የሥራ መንፈስ ጉዳይ ነው! እንደዚያ ፊቱን የሚያዞር ሠራተኛ ነገ ደንበኛ ላይ ያዞራል። ከባልደረባው ጋር ፍቅር የሌለው ሰው ድርጅት ይጎዳል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ይዤ መሥራት አልችልም! ማናንግ ቼዲንግ ስሜት የላቸውም!

[ዳኖይ መሐረቡን ከራሱ ላይ ቀስ ብሎ ይፈታል። ያስባል። ሲያስብ ግንባሩ ያልበዋል።]

ዳኖይ፦ ቆይ ሰር፣ ቀስ ይበሉልኝ። እኔ እንደሚያውቁኝ ቶሎ አይገባኝም። ስሜት ተከልክሏል።

ኔስቶር፦ አዎ።

ዳኖይ፦ ማናንግ ቼዲንግም ስሜታቸውን ተዉ።

ኔስቶር፦ አዎ።

ዳኖይ፦ ስለዚህ ስሜት ስለሌላቸው ይባረራሉ።

ኔስቶር፦ አዎ... ቆይ።

ዳኖይ፦ እኔ ደግሞ ይሄን ስነግራቸው ካለቀስኩ፣ ስሜት ስላለኝ እባረራለሁ።

ኔስቶር፦ ቆይ አልኩህ።

ዳኖይ፦ ታዲያ እዚህ ቤት የሚቀረው ማን ነው? ምድጃው? እሱም እኮ ጠዋት ጠዋት ካላባበሉት አይነሣም።

ኔስቶር፦ የከለከልኩት ሥራ የሚያደናቅፍ ስሜት ነው! "እንብላ" ማለት ማንን ያደናቅፋል?

ዳኖይ፦ ሰኞ ያሉት እንደዚያ አልነበረም።

ኔስቶር፦ ምን አልኩ?

ዳኖይ፦ ማናንግ ቼዲንግ እጃቸውን አወጡ። "ሰው ለምግብ መጥራትስ?" ብለው ጠየቁ። ትዝ አይልዎትም? እርስዎ ደግሞ... እንደ እርስዎ ቆሜ ልበለው ሰር? (ቆሞ፣ ጣቱን ቀስሮ) "በተለይ ለምግብ መጥራት! አንዱ ሲጠራ አዳራሹ በሙሉ ይነሣል!" ሁላችንም አጨበጨብን። ከዚያ "ማጨብጨብም ስሜት ነው" ብለው ተቆጡን።

ኔስቶር፦ (ወንበሩ ውስጥ ይሰምጣል) እርስ በርሳቸው እንዳይጠራሩ ነው ያልኩት። እኔን... እኔን ማለቴ አልነበረም።

ዳኖይ፦ "ከሥራ አስኪያጁ በቀር" አላሉም።

ኔስቶር፦ ይኼም ይነገራል እንዴ? ሰው በራሱ አያውቅም?

ዳኖይ፦ ስሜት ያለው ሰው ያውቅ ነበር።

[ኔስቶር በመስታወቱ ወደ አዳራሹ ያያል።]

ኔስቶር፦ ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመጣ የተሰበረውን ቢስኮቾ ኪሴ ውስጥ የምትከተው ያቺ እጅ ነበረች። አክስቴ ሳታይ። ዳኖይ፣ እውነቱን ልንገርህ? እጃቸው መዘግየቱን ያየሁት ትናንት ነው። የተቀየምኩት ግን ሰኞ ነው።

ዳኖይ፦ ከሰኞ በፊት እጃቸው ፈጣን ነበር?

ኔስቶር፦ ኧረ ያው ነበር። ዓመት አልፎታል። ግን አይቼው አላውቅም። ስቀየም ጊዜ ነው ዓይኔ የተከፈተው። መጀመሪያ ተቀየምኩ፤ ቀጥዬ ምክንያት ፈለግኩ፤ ምክንያቱን ሳገኝ "ስሌት" አልኩት። ስሜቴን በር ላይ ትቼው የገባሁ መስሎኝ! ለካ ቀድሞኝ ገብቶ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ በእኔ ስም ሲወስን ነበር።

ዳኖይ፦ ታዲያ ማኖንግ ኢፔ ምን ይሠራሉ? እንዴት አሳለፉት?

ኔስቶር፦ (ሳቁን አፍኖ) ተዋቸው፣ አይተውት ቢሆን እንኳ ስለሚያፍሩ "ግባ" ነው የሚሉት። ስማ፣ ማናንግ ቼዲንግ የትም አይሄዱም። ስለ እጃቸው ጉዳይ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ምናልባት አዲሶቹን ልጆች ማሳየት ይወዱ ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ሐሳብ ይኖራቸዋል። ብቻ የምነጋገረው ከራሳቸው ጋር ነው። ካንተ ጋር ተቀምጬ ስለ እሳቸው አልወስንም።

ዳኖይ፦ ከእኔ ጋር ባይሆን ለሁላችንም ይሻላል።

ኔስቶር፦ አሁን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው።

ዳኖይ፦ ኧረ እንዳያደርጉት! እሳቸውን ፊት ለፊት "ይቅርታ" ካሏቸው አፍረው እስከ ማታ ያለቅሳሉ። ዝም ብለው እንደ መንገድዎ ይለፉና "ምንድን ነው እንዲህ የሸተተኝ?" ይበሉ።

ኔስቶር፦ ዝም ቢሉኝስ?

ዳኖይ፦ ተመልሰው ይለፉ። በሦስተኛው እኔም ብሆን ዝም ማለት አልችልም።

[የመክሰስ ደወል ይደወላል። ኔስቶር ሸሚዙን አስተካክሎ፣ ጸጉሩን በእጁ ዳብሶ ይወጣል። ዳኖይ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል።]

ዳኖይ፦ (ወደ ተመልካቹ ዞር እያለ) አለፈ... አልዞሩም። ተመለሰ... አነጠሰ። የሐሰት ነው፣ ያስታውቃል። አሁንም አለፈ... ማናንግ ቀና አሉ! አፋቸው ተከፈተ! "እንብላ" አሉ፣ እምላለሁ "እንብላ" አሉ! እሱ እምቢ እያለ ነው... እምቢ እያለ ነው... አንተ ሰውዬ፣ አታብዛው! ተቀመጠ! (እጁን ያጨበጭባል፣ ትዝ ሲለው ይተወዋል) እየበላ ነው። አገጩ ላይ ሩዝ ቀርቷል። ማናንግ የሆነ ነገር እየነገሩት ነው... እሱ ማኘኩን አቆመ። ምን አሉት? ለምን ወደዚህ ዞሮ ያየኛል? ለምን ሁለቱም ወደዚህ ያዩኛል?

[ጠረጴዛው ሥር ይገባል። በሩ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ቀስ ብሎ ይዘጋል።]

ኔስቶር፦ ዳኖይ።

ዳኖይ፦ (ከጠረጴዛው ሥር) አቤት ሰር።

ኔስቶር፦ ውጣ ከዚያ። ማናንግ ቼዲንግ ተቀይመውኝ ኖሯል።

ዳኖይ፦ እሳቸውም?

ኔስቶር፦ "ጠርቼ እንዳልጋብዝህ ከለከልከኝ፤ እሺ ብዬ ድርሻህን በየቀኑ ላክሁልህ። አንድ ቀን እንኳ ጣፈጠኝ አላልክም። ቢከፋኝ ነው ጀርባዬን የሰጠሁህ" አሉኝ።

ዳኖይ፦ (ወደ ማራገቢያው ይዞራል) ዛሬስ ሙቀቱ...

ኔስቶር፦ በማን እጅ እንደላኩት ልንገርህ ወይስ ታውቀዋለህ?

ዳኖይ፦ አውቀዋለሁ መሰለኝ።

ኔስቶር፦ ኢቦሴ የት ገባ?

ዳኖይ፦ ሰር፣ ሰኞ ይዤው መጣሁ። እዚህ በር ድረስ ደረስኩ። እርስዎ ግን "በዚህ በር ስሜት አይገባም" ብለዋል። ቆሜ አየሁት። ትኩስ ነው፤ በለጋ ቅጠል ተጠቅልሏል፤ ማንጎው ለሰነፍ ሰው ተብሎ ተልጦ ተቆርጧል። ከላይ እስከ ታች ስሜት ነው ሰር! እንዴት ብዬ ላስገባው?

ኔስቶር፦ ታዲያ ለምን አልመለስክላቸውም?

ዳኖይ፦ ይከፋቸዋላ! መከፋት ደግሞ ተከልክሏል።

ኔስቶር፦ "ወደደው ወይ?" ብለው ሲጠይቁህስ ምን አልካቸው?

ዳኖይ፦ ሐቁን ነዋ። "ምንም አላለም" አልኳቸው። ምንም ብለው ነበር እንዴ?

ኔስቶር፦ አንተ ሰው! እኔ እዚህ በጠኔ ቂም ስይዝ፣ እሳቸው እዚያ ተከፍተው ጀርባቸውን ሲሰጡኝ፣ ያቺ ልጅ ትምህርቷን ልታቋርጥ አንድ ቃል ሲቀረን፣ አንተ መሐላችን ቆመህ ትበላለህ? በየቀኑ?

ዳኖይ፦ በየቀኑ። ግን ሰር፣ አንዲትም መመሪያ አልጣስኩም።

ኔስቶር፦ እንዴት አልጣስክም!

ዳኖይ፦ ያለ ምንም ስሜት ነው የበላሁት።

[ኔስቶር ሊቆጣ አፉን ይከፍታል፤ የሚወጣው ሳቅ ነው። ይስቃል፣ ወንበሩን ይዞ ይስቃል። በመስታወቱ ማዶ ያሉትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይስቃሉ።]

ኔስቶር፦ (ዓይኑን እየጠረገ) ከዛሬ ጀምሮ ክልከላው ተነሥቷል። ሂድና ለሁሉም ንገር። ይኼን እንኳ ታደርሳለህ አይደል?

ዳኖይ፦ አደርሳለሁ! (ይሮጣል፤ ከበሩ ይመለሳል) ሰር፣ መክሰሱ ላይ እኔስ ልምጣ?

ኔስቶር፦ አንተ የሳምንቱን በልተሃል። ሂድ!

[ዳኖይ ይወጣል። ኔስቶር ሊከተለው በሩ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፤ አዳራሹን አይቶ ወደ ተመልካቹ ይዞራል።]

ኔስቶር፦ እናንተ ደግሞ ሁሉንም ሰምታችኋል። አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ በኩል ስታልፉ ጎራ በሉ፤ ቢስኮቾ ግዙ፤ ማናንግ ቼዲንግ "እንብላ" ካሏችሁም ሁለቴ እምቢ ብላችሁ ብሉ። ዛሬ ላሰናብታቸው እንደነበር ግን እንዳትነግሩብኝ። እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ደፍሬ እስክነግራቸው ድረስ ብቻ ዝም በሉልኝ፣ አደራ።